ባዶው ሣጥን

ሐይቁ ሊቀልጥ ሲቃረብ፣ ሚያዝያ ሊጀምር፣
የኢሳልሚ ሰው ደጄን ያንኳኳል፣ ደረሰኝ ሊያስቆጥር።
ከፀጉር ቤቱ በላይ ያለች፣ ጠባብ ክፍል ነች ቢሮዬ፤
ታች መቀስ ሲንኳኳ ይውላል፣ ላይ እኔና ቁጥሬ።

ዓሣ አጥማጁ ፔንቲ በፌስታል ያመጣል የቤንዚን ወረቀት፣
ከነዓሣው ቅርፊት፣ ከነሽታው፤ ያለ ቀን፣ ያለ ወራት።
ሹራብ ሠሪዋ ሳይማ፣ «የክር ዋጋ ይቀነስልኛል ወይ?» ትላለች፤
«ይቀነሳል» ስላት፣ «የድመቴስ ቀለብ?» ብላ ታስከትላለች።
«ድመትሽ ምን ትሠራለች?»
«ክሩን ከአይጥ ትጠብቃለች።»

እኔም እደግማለሁ፤ ዓመት ዓመት ያው ነው ስብከቴ፦
መሳቢያሽ ውስጥ ያለው ሁሉ ያንቺ አይደለም፣ እመቤቴ።
ከሽያጭሽ ውስጥ እንግዳ አለ፣ አድሮ የሚሄድ፤
የመንግሥት አደራ ነው፣ ኪስሽን እንዳይለምድ።
የቤትሽን ከሱቅሽ ለዪ፤ የዕለቱን በዕለቱ ጻፊ፤
ቀን ካለፈ ቅጣት አለ፤ ወለድ አለ፣ እንደ ሻጋታ ተስፋፊ።

አንድ ማክሰኞ አውኔ መጣች፣ የጀልባ ሠሪው የቪልሆ ሚስት፣
ቪልሆ ባረፈ በአምስተኛው ወር፤ የብስኩት ቆርቆሮ ታቅፋ፣ ዝገት የበላት።
«ሱቁን ልዘጋው ነው» አለች፤ «መዝጋትም ቅጽ አለው አሉ።»
«አለው» አልኳት፤ «መጀመርም፣ ማቆምም፣ ቅጽ አላቸው ሁሉ።»

ቆርቆሮውን ከፈትኩ። የሟች እጅ ጽሑፍ፣ ቀጥ ያለ፤
ሙጫ፣ ሚስማር፣ ቫርኒሽ፤ አንድ ሳንቲም ያላጎደለ።
ከሥር ግን አንድ የዱቤ ደረሰኝ፦ የጥድ ጀልባ፣ ባለ ሁለት መቅዘፊያ፤
ገዢ፦ ኤስኮ ሂርቮነን። የመክፈያ ቀን አለ፤ የለም መክፈያ።
ባንኩን አየሁ፣ መዝገቡን አየሁ፤ ከኤስኮ ምንም አልገባም፤
ቪልሆ ግን ታክሱን ከፍሎበታል፤ አንድ ቀን እንኳ አላዛባም።

«ያልበላውን ዕዳ ከፍሏል» አልኳት፤ «ሕጉ ግን ይህን አልሳተውም፤
ዕዳው የማይገኝ ከሆነ ታክሱ ይመለሳል፤ ገንዘብሽን ውሃ አይበላውም።
ይህን ቅጽ ሙዪ፤ እዚህ ጋ የባለ ዕዳውን ስም ጥሪ፣
ተጠይቆ እንዳልከፈለ ባንድ መስመር አስፍሪ።»

እስክሪብቶውን ያዘች። ቆየች። ታች የመቀሱ ድምፅ ብቻ።

«ኤስኮ ያን ዓመት ሥራ ፈትቶ ነበር፤ እንጨት መሰንጠቂያው ተዘግቶ፤
ልጆቹን ዓሣ ሊመግብ ጀልባ ፈለገ፤ ቪልሆ ሰጠው፣ ዓይኑን አይቶ።
ለኔ ግን 'ከፍሏል' ነበር ያለኝ!» ሳቅ ይሁን ሲቃ እንጃ፣ ካፏ ወጣ፦
«ለመንግሥት ያልዋሸ ሰው፣ ለሚስቱ ዋሽቶ ቤት መጣ!»

«ይህን ባልጠይቅ ወንጀል ነው?»
«አይደለም። መክፈሉ ግዴታ ነው፤ ማስመለሱ መብት ነው።»
ቅጹን አራት ላይ አጠፈችው፤ ከብስኩቱ ቆርቆሮ ሥር ሰደደችው።
የቀረባትን አርባ አንድ ዩሮ ግን፣ ሳንቲም በሳንቲም ቆጠረችው።
ሰው በግብሩ ይታወቃል ይባላል፤ የቪልሆ ግብር የቱ ነው?
ለመንግሥት በወቅቱ የገባው፣ ወይስ ለኤስኮ የሰጠው?

ዘንድሮ ሚያዝያ ሲብት፣ ደረጃዬ ላይ የከባድ ጫማ ዳና፤
ኤስኮ ነው፤ ሊመዘገብ መጥቶ፤ በጢስ የደረቀ ዓሣ ነጋዴ ሆኗልና።
ጨው ጻፍኩ፣ ማገዶ ጻፍኩ፣ መረብ፤ ወጪውን ሁሉ በየተራ፤
«ጀልባህም ከወጪ ይገባል» አልኩት፤ «በስንት ገዛህ? የማን ሥራ?»

የሒሳብ ሰው ሚስጥር አያወጣም። ጥያቄ ግን ይጠይቃል።

ኮፍያውን አወለቀ፤ በሁለት እጁ አሽከረከረ፤
«የከፈልክበትን ደረሰኝ አምጣ» አልኩ፤ ከአፌ ሌላ ቃል አልተጨመረ።
«ይቆየኝ» ብሎ ተነሣ። የጀልባውን ሣጥን ባዶ ተውኩት።
በመስኮት አየሁት፦ ቤቱ በግራ ነው፤ እሱ ቀኙን ያዘ፣ ወደ አውኔ ቤት።
ቅጹ የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ ነው።
አልቸኮልኩበት።