መልሕቅ

በፖርቶው ቢሮዬ፣ በሰፊው ስክሪኔ፣
ቅጹ ልክ ነበረ፤ መሰከረ ዐይኔ።
የዓሣው ስም በግራ፣ ኪሎው በቀኝ በኩል፣
ሳጥኑ ተሰልፎ፣ ክፍተቱም እኩል፣
ከግርጌ አረንጓዴ፣ «መዝግብ» የሚል ቁልፍ፤
ላክሁትና ተኛሁ፣ የሠራ ሰው እንቅልፍ።

ሁለት ዓመት አልፎ፣ ለሌላ ጉዳይ ስሄድ፣
ፔኒሽ፣ ዓሣ ጨረታው፣ በወደቡ መንገድ፣
ዙልሚራን አገኘሁ፤ ጓንቷ ቅርፊት ለብሶ፣
ስክሪኗ አሮጌ፣ ጥጉ በጨው ተልሶ።
ስምንት መቶ በስድስት መቶ ነው ልኩ፤
የቅጼ ግማሹ አይታይም መልኩ።
ኪሎው ተቆርጧል። ቁልፉ ጭራሽ የለም፤
ከጠርዙ በታች ነው፣ በማይታይ ዓለም።

«ታዲያ በምን መዘገብሽ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ?»
«ታብ ሰባቴ፣ ከዚያ ኤንተር፤ ጣቶቼ ያውቃሉ።
ቁልፉን አይቼ አላውቅም፤ ግን እታች ይኖራል።
ዓሣስ መረብ ሳይገባ ማን አይቶ ይቆጥራል?»

ያን ማታ በቁጥር የቸነከርሁትን
ነቀልሁ። መልሕቅ ጣልሁ ለእያንዳንዱ ሳጥን፣
ስክሪን ቢሰፋ ቢጠብ ከጠርዙ እንዳይርቅ፤
ቁልፉም ከሰጠመበት ቀስ ብሎ አለ ብቅ።

«ለካ አረንጓዴ ነው!» አለች በማግሥቱ፤
ጣቷ ግን አልሰማም፤ ሮጠ እስከ ሰባቱ።