ቡና የሚተፋ

ሥራህ ምንድን ነው ስትሉኝ፥ እኔማ
ነጭ ጋዋን ለብሼ፥ ባሕር ዳር ከተማ
ከጧት እስከ ማታ ስኒ ሰልፍ ፊት ቆሜ
በማንኪያ እጨልፋለሁ፥ እመጋለሁ ደግሜ፤
ምላሴ ላይ አዙሬ፥ ጣዕሙን ለይቼ
በቆርቆሮ እተፋለሁ፥ ነጥቡን ሰጥቼ።

ስድስት ዓመት ሙሉ ስሠራ ይህን ሥራ
ለእናቴ አልነገርኋት፥ አፌ እየፈራ።

ዘጌ ነው ቤታችን፥ ከወደቡ በላይ፣
ከጫካው ጥላ ሥር፥ ቀትር ከማይታይ፤
በሬ የማይጠመድበት፥ ሞፈር የማይገባ፣
ሀብቱ ቡና ብቻ፥ ጌሾና የሎሚ አበባ።
ቀይ ቀዩ ተለቅሞ፥ ብርሃን ተፈልጎለት በሰሌን ይሰጣል፣
ጀንፈሉ እስኪንኮሻኮሽ ቀን ይቆጠርለታል።

እዚያ ቡና አይደፋም።
ጦጣ መጥጣ የጣለችው አንዲት ፍሬ ብትቀር
እናቴ አትጠገብ ከቅጠሉ ሥር
ወገቧን አጉብጣ፥ በጥፍሯ ቆፍራ
«ይቺም ነፍስ አላት» ትላለች፥ በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ።

ባለፈው ኅዳር ግን ቅጽ ይዤ ሄድሁ፤
እናቴን ከደጃፍ፥ ከእሳት ዳር አገኘሁ።
ገዥው የፈለገው ያልተቀላቀለ፣
ካንድ ጓሮ በቅሎ ባንድ እጅ የዋለ።
«እማ፥ መልሺልኝ» አልሁ፥ ብዕሬን አውጥቼ፤
«ቆላ ነው? ወይናደጋ?» አልኋት ቅጹን አይቼ።
«ቆላሁት እንጂ ልጄ! ምነው፥ አትሸትም?
እንኳን ደጃፍ ላለህ፥ ለጎረቤት አይቀርም።»

«ዕድሜውስ?»
«ያኛው፥ አንተ ጡት ስትጥል ተተከለ።
ይህ የአያትህ ነው፤ ምስጥ በላው ስንል እያቆጠቆጠ አለ።
ያ ደግሞ...»
አለችና ዝም።

ዘነዘናውን አነሣች። ወቀጣዋ ቀስ ያለ ነው፤
ሰባት ምት፥ ዕረፍት፥ ሦስት ምት፤ በር እንደሚያንኳኳ የታወቀ ሰው።
ውሃው ከሐይቁ ነው፥ በገንቦ ያደረ፣
ቧንቧ ከገባ እንኳ ልማዷ ያልቀረ።
አንድ ቅጠል ጤና አዳም፥ የጨው ቅንጣት ጥቂት፤
ሲገነፍል ታወርዳለች፥ መልሳ ትጥዳለች፥ ሦስት ጊዜ በትዕግሥት።

ስኒውን ስትሰጠኝ እጄ ተቀበለና
አፌ ግን ከዳኝ፤ እንደ ሥራ ቦታ ፉጨት አሰማሁና
ምላሴ ላይ አዙሬ፥ ሳላስበው፥
ከደጁ ቅጠል ላይ
ተፋሁት።

አትጠገብ አልጮኸችም።
ስኒዋን አስቀመጠች፥ ነጠላዋን መለሰች፤
ወደ ውሃው እያየች እንዲህ አለች፦

«አባትህ እንየው፥ በነሐሴ ማዕበል
አራት ኬሻ ጭኖ ባንድ ነዶ ደንገል፣
ባሕር ዳር ገበያ እደርሳለሁ ብሎ፥
ተቀበለው ጣና ከነጭነቱ ጠቅልሎ።
ታንኳው ተመለሰ፥ ተገልብጦ፥ ብቻውን፤
ስሙ እንየው ነበር፤ አላየነውም እሱን።
ያ ሁሉ ቡና፥ ያ ሰው፥ ባንድ ጉንጭ ሲጠፋ፥
ጣና እንኳ፥ ልጄ፥ ጣና እንኳ አልተፋ።»

ከዚያው ውሃ ነበር የቀዳችልኝ።

ቅጹን አልሞላሁም። «የአምራቹ ስም» ከሚለው መስመር ላይ ብቻ
እንየው ብዬ ጻፍሁ፤ ሌላው ባዶ ቀረ።

ጥር ላይ፥ ከሰልፉ መሐል፥ ናሙና አሥራ ዘጠኝ፤
ስም የለው፥ ቁጥር ብቻ። ገና ሳልጨልፍ ጠረኑ አገኘኝ።
ቆርቆሮው ከጎኔ ነበር።
ዋጥሁት።
ጉሮሮዬን እየጠበሰ ወረደ።

አለቃዬ ብዙአየሁ ቀና አለ ከመዝገቡ፦
«ምነው፥ ደንቡን ረሳህ? እሺ፥ ምን ምን ይላል?
ሎሚ? አበባ? ማር? ስንት ነው ነጥቡ?»

«ሰው ሰው ይላል» አልሁት።

ቀልድ መሰለው።
ሣቀና ወደ ሃያኛው ስኒ አለፈ።