ሁለት ቋጠሮ

መኪናዬን ከፍ ላድርጋት አልኩ፣ ባለፈው ጥቅምት፣
መዘዞ ቁልቁለቱ ላይ ድንጋይ ሆዷን ሲልሳት።
ባለ ሁለት ረድፍ ሃይሉክስ፣ ዕድሜዋ ከልጄ የሚበልጥ፣
ጭነቷ በግ ነው፣ ምስር ነው፣ አልፎ አልፎም ምጥ።

የእህቴ ባል አሰግደው የሱን አምጥቶ ከደጄ አቆመ፤
እንደ ግመል ተነሥታለች። ዓይኔ ቀና ብሎ ታመመ።
«ሦስት ጣት ነው» አለኝ እየሣቀ፣ «ሦስት ጣት ከፍ ብትልልህ፣
ድንጋዩን ትረሳዋለህ፤ ሰውም ቀና ብሎ ነው የሚያይህ።»

ደብረ ብርሃን ገባሁ። ጠዋት ነው፣ ብርዱ ጥርስ ያጋጫል፤
ብርድ ልብስ ሠሪው ከተማ ለራሱ መቼ ይደርባል?
ሱቁ ውስጥ ሾክ አብዞርበር ተደርድሯል እንደ ጧፍ፣
ቀዩ፣ ቢጫው፣ ሰማያዊው፣ ከመደርደሪያው ጫፍ እስከ ጫፍ።
ባለሱቋ ጌጤነሽ ናት። መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰክታ
«የቱን?» አለች። «ረጅሙን» አልኳት። አየችኝ ትንሽ ቆይታ።
«ረጅም የሚባል ልክ የለም። ሲዘረጋ ስንት ነው? ግጥሙስ?
ሂድና ለካ፤ ሱቁ አይሸሽም፤ እኔም አለሁ እስክትመለስ።»

ጠባሴ ካለው ጋራዥ ሄድኩ። እንግዳወርቅ ጉድጓዱ ውስጥ ነው፣
ከወገቡ በታች አይታይም፣ ግማሹን ለምድር ያበደረው።
ነገሬን ሰማ፤ ብዙም አልመለሰ። ሲባጎ አወጣ ከኪሱ፤
አሮጌውን ሾክ ፈታ፤ ጎሚኒው ረገፈ፣ እስከ ድዱ እስከ ጥርሱ።
ክሪኩን ሻንሲ ሥር አስገብቶ አነሣት። ጎማው ወረደ፣
ወረደ፣ ባሌስትራው ተነፈሰ፤ እግሯ መሬት ፍለጋ ሄደ።
እዚያ ላይ አንድ ቋጠሮ።

«አሁን ጫን» አለኝ። ምስሬን፣ የጎረቤቱን ሲሚንቶ፣
ሁለት ረዳት፣ የዘበኛውን ሚስት፤ አንድ ቄስ እንኳ ተለምኖ ወጥቶ፣
ባሌስትራው ጀርባውን አቀና። ጎማው ፓራፋንጎውን ሊነካ
ጎንበስ ብሎ ሁለተኛውን ቋጠረ፣ በጣቱ እየለካ።
በቋጠሮዎቹ መካከል ስንዝር ከሦስት ጣት ቢሆን፣
«ጉዞዋ ይኸው» አለኝ፤ «ሌላው መንገድ ነው፤ እሱ የመንግሥት ይሁን።

«ከፍ አድርገህ አጭር ካሰርክባት፣ ጎማው ጉድጓድ ሲያገኝ አይወርድም፣
እንዳኮረፈ ልጅ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ አየር ደግሞ ፍሬን አይዝም።
ረጅም ካሰርክ፣ ስትጭናት እሱ ከሁሉ ቀድሞ ይመታል፤
ጎሚኒ ሳይቀበል ብረት ይቀበላል፤ ብረትም አንድ ቀን ይታክታል።»
«አሰግደውስ?» አልኩት። ፈገግ አለ፤ መፍቻውን ከኪሱ ከተተ፤
«ሞፈር ውኃ ላይ በሦስት እግሯ ቆማ፣ በትራክተር አይደል ያስጎተተ?»

አልሣቅሁም።
እኔም ቁመት ነበር የፈለግሁት፣ እውነቱን ልናገር ከሆነ፤
ድንጋዩ ሰበብ ነው። ደጄ ላይ የወደቀው ጥላ ነው ልቤን ያባነነ።

ሲባጎውን ይዤ ተመለስኩ። ጌጤነሽ አንድ በአንድ አወረደች፤
ቀዩን ዘረጋነው፣ አልደረሰም። ቢጫው ግጥሙ ላይ «እምቢ» አለች።
ሰማያዊው፣ ስሙ የማይነበብ፣ አቧራ ጠጥቶ ከሥር የነበረ፣
ሲዘረጋ ከረጅሙ ቋጠሮ ጥፍር ታህል አለፈ፣ ሲገጥም ካጭሩ ጥፍር ታህል አጠረ።
እንግዳወርቅ አንድ ጣት ብቻ ከፍ አደረጋት፤ ሁለቱን ለመውረጃ ተወላት።
አሰግደው አይቶ «ይህቺ ናት?» አለ። «ይህቺ ናት» አልኩት፣ «ይህቺ ናት።»

ሐምሌ ላይ፣ ሌሊት፣ ከሞላሌ ስንመጣ፣ ጣርማ በር በጉም ታፍኖ፣
ከኋላ ወንበር ስንዱ በዝተት ተጠቅልላ፣ ምጧ ሁለት ቀን ሆኖ፣
ጎርፍ የቆረጠው ቦይ ሳላየው የኋላ ጎማዬን ዋጠ፤
ጥርሴን ነከስኩ፤ ያ የብረት ጥፊ መቼም አይቀርም፤ ልቤ ቀለጠ።

ወረደ።
ወረደ፤
የሚወርድበት ስላለው ወረደ። መሬት አገኘ። ተመልሶ ወጣ።
«ደረስን?» አለች ስንዱ። «ልንደርስ ነው» አልኳት፤
ማርሽ ለወጥኩ፤ ከፊት ኩርባው መጣ።