ሁለት ሜትር ውሃ

ኢቭሬያ፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ዶራ ከሚያጓራበት፣
የኦሬስቴ ጋራዥ አለ፣ ዝገት ከዘይት ያደረበት።
መጋቢት ነው፤ በረዶው ከተራራው ጫፍ አልለቀቀም፤
ሚሌቼንቶዋ ቆማለች፤ ትነሣለች እንጂ አትዘልቅም።

የወይዘሮ ኤርሜሊንዳ ናት፣ ከሟች ባሏ የቀረች፣
በሃምሳ ዘጠኝ ተሠርታ ስንት ክረምት ያሳለፈች፤
ሜዳውን እንደ ድመት እያንጎራጎረች ትሄዳለች፣
ዳገት ሲነካት ግን ስላ፣ ስላ ትጠፋለች።
ኮፈኗ ሲከፈት ቤንዚን አፍንጫ ይሰነጥቃል፤
ካርቡራተሯ ከልኩ በላይ ጠጥቶ ያስታውካል።

ካንዴላ ቀየርን፤ አልዳነች። ኮይል ቀየርን፤ ያው ናት።
«ካቻቢቴ!» ይለኛል፤ አቀብለዋለሁ ሳይደግማት።
(ሰርባቶዮ፣ ሞተሪኖ፣ ካንዴላ፣ ካቻቢቴ፤
አማርኛ መስለውኝ ነበር፣ ናዝሬት ጋራዥ፣ በልጅነቴ።
«ማን አስተማረህ?» አለኝ፤ «የአገሬ ቋንቋ» ብለው
ሳቀ፤ እጁን በጨርቅ ሁለቴ፣ ሦስቴ እየጠረገው።)

«ግፊቱን እንለካ» አለ፣ ሌላው ሁሉ ሲያልቅበት።
እኔ ቸኩዬ ገዝቼ ነበር፣ ፊቷ ሳህን የሚያህላት፣
እስከ ሰባት ባር የምትቆጥር፣ ኒኬሏ ዓይን የምትወጋ።
ሞተሩ ተነሣ። ቀስቷ ከዜሮ ብድግ አለች፣
እንደ ሰነፍ ሎሌ ተንጠራርታ፣ ተመልሳ ተኛች።
ጤፍ በፈረሱላ ሚዛን! አንዲት ቅንጣት ብትጥልበት
«ባዶ ነው» ይልሃል ሚዛኑ፤ ቅንጣቷ ግን አለችበት።

ሁለተኛዋን ተዋስን፤ ግሊሰሪን የተሞላች፣
ቀስቷ የማትርገበገብ፣ ችሎት ላይ ዳኛ የመሰለች።
ጠዋት እውነቱን ተናገረች። ሞተሩ ሲግል፣ እኩለ ቀን፣
የሆዷ ፈሳሽ አበጠና ሌላ ቃል ሰጠችን።
ኦሬስቴ ፈታትና፦
«ስላልተንቀጠቀጠች» አለ «እውነተኛ ናት አትበላት።»

ከመሳቢያው ሥር አወጣ፣ በሱፍ ካልሲ የጠቀለላት፣
የነሐስ፣ ብርቱካን የምታህል፣ መስታወቷን ጭረት የበላት፤
ከዜሮ እስከ ስድስት አሥረኛ፤ ከዚያ ወዲያ አትቆጥርም።
የአባቱ ናት። «ብትሆንም» አለ «ሳልፈትናት አልገጥምም።»

ጥርት ያለ ቱቦ አሰርን በደረጃው መደገፊያ ላይ፤
ሁለት ሜትር ለካ፤ በጠመኔ ምልክት ጫረ ከላይ።
እኔ ከላይ ውሃ ሳፈስ እሱ ከታች ተንበርክኮ
ቀስቷን ያያል፣ ትንፋሹን ውጦ፣ መነጽሩን ወደ አፍንጫው ልኮ።
ሁለት ሜትር ውሃ፣ ሁለት አሥረኛ፤ ፀጉር ታህል አልሳተችም።
ውሃ ለማንም አያደላም፤ ለአባትም ቢሆን አያደላም።

ገጠምናት። አራት! ፓምፑ እጥፍ ነው የሚገፋው፤
ካርቡራተሩ ደጅ የቆመች መርፌ ሁለት ነው የምትችለው።
ፓምፑን ፈታን። ከሥሩ ያ ወፍራሙ ማገጃ የለም፤
በስስ ካርቶን ተተክቷል፤ አለበት የደበዘዘ ቀለም፦
«ቅቤ፣ ሽንኩርት፣ ክብሪት» ይላል።
ወይዘሮዋ ብርሃን ላይ ያዘችው፤
«ጋውዴንዚዮ ነው» አለች፤ «የእጅ ጽሑፉ ነው።
ዳገት ላይ ጉልበት አንሷታል ብሎ ነው፤ ሊያግዛት ነው።»
ማንም አልሳቀም።

ማገጃው ገባ። ቀስቷ ሁለት ላይ መጥታ አረፈች።
ከሰዓት ሚሌቼንቶዋ የአንድራቴን ዳገት ወጣች።
ኦሬስቴ ማኖሜትሯን ፈትቶ ወደ ካልሲዋ መለሳት፤
«ሽጥልኝ» ብትለው ወይዘሮዋ፣ «ሌላ ግዢ፣ ግማሽ ባር ያላት፣
ቀስቷ መሐል የምትቆም፤ ስትገዢም አምጪልኝ፣ በውሃ እንያት።»

ካርቶኑን ቦርሳዋ ከተተችው።

ማታ እኔ ብቻ ቀረሁ። ቱቦውን ማንም አልፈታውም፤
ጫፉ በሽቦ እንደታሰረ፣ ውሃው ከጠመኔው አልወረደም፤
የቱሪን ባቡር ሲያልፍ ጥቂት ይንቀጠቀጣል፣
ከዚያ ደግሞ ልኩን አግኝቶ ይረጋል።