ባዶ ዜሮ አይደለም

ቂጦ ፉርዲሳ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ጥግ ላይ ያለች ክፍል፤
መብራት ይሄዳል፣ ይመጣል፣ እንደ ሰው አመል።
ፊቴ ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተደርድሯል፣
የአዌቱ ከፍታ በሴንቲሜትር፤
ጠዋት አንድ፣ ማታ አንድ፣
በአንድ ሰው ዓይን የተለካ፣ በአንድ ሰው እጅ የተጻፈ ቁጥር።

«ለማዘጋጃ ቤት ነው» ብለዋል አቶ ደምመላሽ፣ «ለሰኞ፣ አደራ!
መስመሩ ይለስልስ፤ የመጋዝ ጥርስ መስሎ ዓይን እንዳያስፈራ።»

መጀመሪያ ቀለም።
ሰማያዊ ሰጠሁት፣ ውሃ ነው ብዬ።
ግን አዌቱን ሰማያዊ ሆኖ መቼ አየሁት በዕድሜዬ?
ክረምት የጡብ ጭቃ ነው፣ በጋ የልብስ እጣቢ፤
ወደ ቡኒ መለስኩት፣ ይቅር ይበለኝ አንባቢ።

ቀጥሎ ውፍረት።
አንድ ሲሆን ክር ነው፣ ስድስት ሲሆን ገመድ፤
ሦስትን መረጥኩ፣ ለመታየት ያህል፣ ላለመክበድ።

ነጥቦቹንስ ላብራ?
ሳበራቸው ስምንት ሺህ ጉንዳን ገጹን ወረረው።
አጠፋኋቸው። ጠዋቱንም ማታውንም አንዱ መስመር ዋጠው።

ከዚያ ቋሚው ዘንግ።
ከዜሮ ልነሳ ወይስ ከሰማንያ?
ከዜሮ ስነሳ ወንዙ የተኛ እባብ ነው፤
ከሰማንያ ስነሳ ያው እባብ አንገቱን ቀና ያደርጋል።
ቁጥሩ ያው ነው፣ ልኩ ያው ነው፤
ታዲያ ልክ የሆነው የቱ ነው?

እዚህ ላይ እያለሁ ነው ያየሁት።
ዘጠነኛው ዓመት፣ ነሐሴ በገባ በሦስት፣
መስመሩ ቁልቁል ወድቆ መሬት ላይ ተጋደመ፣ ሃያ አንድ ሌሊት።
አዌቱ ደርቋል ይለኛል፤ በነሐሴ! በጅማ!
ምን ይል ይሆን የእኛን ክረምት የሚያውቅ ይህን ቢሰማ?

ዋናውን መዝገብ አወጣሁ፣ ጥጉን አይጥ የበላውን።
ሃያ አንድ ቀን። ዜሮ የሚል የለም።
ባዶ ነው። ንጹሕ ባዶ።
ባዶ ዜሮ አለመሆኑን
ለማሽኑ ያልነገርኩት እኔ ነኝ።

ማስተካከያው ውስጥ ሦስት ምርጫ አለ፤
ባዶውን ዜሮ በለው፣
ባዶውን ዝለልና ጫፍ ከጫፍ አገናኝ፣
ባዶውን እንዳለ ተወው።
ሁለተኛውን ነካሁ።
ቀጥ ያለ፣ ያማረ፣ እንደ ተወጠረ የልብስ ገመድ፣
አቶ ደምመላሽ የሚወዱት ዓይነት።
እጄ ግን «አስቀምጥ» የሚለው ላይ አልሄድ አለኝ።

ከመዝገቡ ጀርባ በእርሳስ የተጻፈ ስልክ ነበር። ደወልኩ።
«የረሺድ አባ መጫ ልጅ ነኝ፣ ኢፍቱ» አለች።

«ያኔ ውሃው መለኪያውን እንጨት ነቅሎ ወሰደው፤
አባዬ ቁጥሩን ትቶ ሰው መቁጠር ያዘ፣ ቤት ለቤት እየሄደ።
ቦዬ ዳር ያሉትን ሦስት ሌሊት በጀርባው አወጣ፤
ከዚያ ወባ ጣለው፣ ሌላ እንጨት እስኪመጣ።
ከቢሮ መጥተው ‹ለምን አልጻፍክም? ገምተህም ቢሆን!› አሉት።
‹ያላየሁትን አልጽፍም› አላቸው።
የሃያ አንድ ቀን ደሞዙን ቆረጡት።»

«አሁንስ እንዴት ናቸው?»
«ዓይኑ ደክሟል።
ዝናብ ሲጥል ግን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ይቀሰቅሰኛል፤
‹ስንት ደረሰ?› ይለኛል።»

ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ያን ቀጥ ያለ መስመር አየሁት።
በማን ጓዳ፣ በማን አልጋ ላይ ነው የሚያልፈው?
በየትኛው ጀርባ ላይ?
ወንዙ ከሁሉ የላቀው እዚያ ነው፣ እንጨቱ በሌለበት፤
የአሥራ አንድ ዓመቱ ጫፍ ያለው ምንም ባልተጻፈበት።

ሦስተኛውን መረጥኩ።
መስመሩ ተበጠሰ። ሁለቱ ጫፎች
ድልድይ እንደ ወሰደባቸው ጎረቤታሞች
ማዶ ለማዶ ይተያያሉ።
ማለስለሻውንም አጠፋሁት፤ ጥርሱ ይታይ።
ማብራሪያው ሳጥን ውስጥ «መስመር አንድ» የሚለውን ፍቄ
«የለካው፦ ረሺድ አባ መጫ፤ ክፍተቱም የእሱ ነው» ብዬ ጻፍኩ።

ሰኞ «ይሄ የተቀደደው ምንድን ነው?» መባሌ አይቀርም።
መልሱን ገና አላሰብኩትም።

መብራት ሄደ።
አስቀምጬው ነበር? እንጃ።
ጨለማው ውስጥ ቁጭ ብዬ ዝናቡን አዳመጥኩ፤
ከታች፣ ከድልድዩ በኩል፣ አንድ ነገር ያጉረመርማል።
ስንት ደርሶ ይሆን?