ሐዋይ፣ ከሮቢት በታች

ከብርድ ልብስ ፋብሪካው የዓመት ፈቃድ ወጥቼ፣
አባቴን ከነከዘራው ከመኝታው አንስቼ፣
ደብረ ብርሃንን ለውርጯ ትቼላት
ቁልቁለቱን ያዝነው ገና ሳይነጋላት።

ጣርማ በር ዋሻው ውስጥ ጨለማው ሲውጠን
አባቴ ወሬውን መሀል ላይ ቆረጠን።
እጁ አየር ጨበጠ፣ መሪ እንደያዘ ሰው፤
እግሩ ወለሉ ላይ ፍሬኑን አሰሰው።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ በኤንትሬ ወርዶታል፤
ሚኒባሱ ሲታጠፍ ትከሻው ይታጠፋል።

ደብረ ሲና ላይ ቆሎ፤ ካፖርቱ ወለቀ።
አርማንያ ላይ ሹራቡ።
ሮቢትን ስናልፋት ሸሚዙም ጨነቀ።

በሩ ላይ ዘንባባ፣ ግንዱ ከሲሚንቶ፣
ቅጠሉ ፕላስቲክ፣ በሽቦ ተጎትቶ፤
በቀቀን ተስሎ፣ ኮኮናት ተሰቅሎ፣
«እንኳን ወደ ደሴቱ በሰላም መጡ» ብሎ
የሚለፍፍ ሳጥን።
«ባሕሩስ የታል?» አላት አባቴ ልጅቷን።
ፈገግ አለች እንጂ መልስ አልሰጠችውም፤
ሰማያዊ ላስቲክ በእጁ አሰረችለት፣
«ይሄ አይወልቅም።»
«ሐኪም ቤት ነው እንዴ?» አለኝ በጆሮዬ።

ከአጥሩ ወዲያ ማዶ የገበሬ ማንጎ
አንገቱን አስግጎ
ቅጠል የማይረግፈው አዲስ ጎረቤቱን
ይመረምረዋል፣ ግንዱንም አናቱን።

ክፍላችን ስሟ ሐዋይ፤ ማልዲቭ ጎረቤቷ።
ፎጣ ዝይ ሆናለች፣ ተቆልምሞ አንገቷ።
ለድሮ ረዳቱ፣ ለዘውገ ደወለ፤
«ሐዋይ ነኝ» አለውና ጥቂት ዝም አለ፤
«ኧረ እዚሁ ሮቢት! ማን አገር ጥሎ ኮበለለ?»

ከሰዓት በኋላ ገንዳው ልጅ ብቻ ነው።
በቢጫው ቱቦ ውስጥ ጩኸት ይንሸራተታል፣
ከታች ሰው ይተፋል።
አባቴ በኪራይ ቁምጣ፣ አናናስ ያፈራበት፣
ቀጭን ባቱን ይዞ፣ ከዘራው ቀድሞለት፣
ውሃው ውስጥ አልገባም። ዞረው። አሸተተው።
አፍንጫው የድኙን ሽታ ተከተለው
ከመንሸራተቻው ጀርባ፣ እስከ ቆርቆሮው ቤት፣
«ለሠራተኛ ብቻ» የሚል ጽሑፍ ካለበት።

ፊሽካ። ኡመር መጣ፣ የዋና ጠባቂው።
«አባባ፣ ወዴት ነው?»
«ዓይኑን ፍለጋ ነው።»
«የማንን?»
«የውሃውን።

እዚህ ሾላ ነበር፤ ከሥሩ ይፈላል።
ከአሰብ ስንመጣ፣ ሌቱ ሲጋመስ፣
ኤንትሬዋን አቁመን እግር እንነክራለን፤
እንቁላል በመሀረብ ቋጥረን እንቀቅላለን፤
ግመለኛው ወተት፣ እኛ ዳቦ ይዘን
ቋንቋ ሳንግባባ አብረን እንበላለን።»

«ሾላውንስ አያቴም ያነሳዋል» አለና
ኡመር ቁልፍ አወጣ።

ውስጡ ሞተር፣ ቱቦ፣
ቀይ መርፌዋ የምትንቀጠቀጥ የግፊት መለኪያ፤
ጥጉን ሲሚንቶ ከድኖታል፣
በስንጥቁ እንፋሎት።
አባቴ ጎንበስ አለ፣ ጉልበቱ ቋ ብሎ፤
የታመመ ሕፃን ግንባር እንደሚነካ
መዳፉን ቱቦው ላይ በቀስታ ጥሎ፣
«አለህ ወይ?» አለው።
ቱቦው ተንቀጠቀጠ።
ሞተሩ ይሆናል።

ሌሊት፣ ቢጫው ቱቦ ደርቆ፣
የሚለፍፈው ሳጥን ዝም ብሎ፣
ከሐዋይ ወለል ሥር አንዳች ነገር ቡልቅ፣ ቡልቅ ይል ነበር።
አባቴ አልተኛም። እኔም ነቅቼ
እንደተኛ ሰው ተነፈስኩ።

ስንመለስ ዳገቱ ጉም ለብሶ ጠበቀን።
ሹራብ። ካፖርት። ዋሻ።
«ጉልበትህስ?» አልኩት።
«ያው ነው» አለኝ፣ «ያው ነው።»
ላስቲኩ ገና ከእጁ አልወለቀም።
ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሳ
ወደ ሾፌሩ፣ ወደዚያ ልጅ እግር፣ ዘንበል ብሎ
«ሁለተኛ አግባ» አለው።