ማሰሪያ አንቀጽ

ኮዬ ፈጬ፣ አራተኛ ፎቅ፣ ውሃ በፈረቃ፣ መብራት በዕድል።
ላፕቶፔ ሠላሳ ሁለት በመቶ ቀርቶታል።
እኔ ሕግ እጽፋለሁ፣
ነጋሪት ያልተጎሰመለት፣ ማንም ያላጸደቀው፦

ዐረፍተ ነገር ማለት ስማዊ ሐረግ፣ ከኋላው ግሳዊ ሐረግ።
ስማዊ ሐረግ ማለት ስም ብቻውን፣
ወይም ስማዊ ሐረግ ራሱ፣ መስተዋድድ አዝሎ፣
መስተዋድዱም ሌላ ስማዊ ሐረግ አዝሎ፣
እንዲህ አዛዩ እየታዘለ ይሄዳል፣ ዳር የለውም።
በስድስት መስመር ማለቂያ የሌለው ነገር ጻፍኩ።
የቤት ኪራይ ውሌ አሥራ አራት ገጽ ነው፣ ነሐሴ ላይ ያልቃል።

ስሙ ከዐውድ ነፃ ሰዋስው ነው።
ሕጉ ጎረቤት አይጠይቅም፤
በግራው ማን ቆመ፣ በቀኙ ማን ተኛ፣ አያገባውም።
እትዬ አልጣሽ ግን ከግድግዳው ማዶ
ስንት ጊዜ እንዳስነጠስኩ ትቆጥራለች፣
ማታ «ይማርሽ» ብላ ድምሩን ትነግረኛለች።
እሷ ዐውድ ናት።

እንግሊዝኛ ችኩል ነው፤
ባለቤቱን ከመጥራቱ ግሡን ያፈርጠዋል።
የኛ ቋንቋ ሰውን ይዞ ዳገት ይወጣል፦
ልጅቷን፣ ትናንት፣ ገበያ መሐል፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣
ሳማት ይሁን መታት
ማሰሪያው እስኪመጣ ማን ያውቃል?

ለሙከራ አንድ ዐረፍተ ነገር ሰጠሁት፦
ዘ ጋርድ ሶው ዘ ዉማን ዊዝ ዘ ቶርች።
ኮዱ ትንሽ አሰበና ሁለት ዛፍ ተከለልኝ፣
ሥራቸው ወደ ላይ፣ ቅጠላቸው ወደ ምድር።
በአንደኛው ዘበኛው ባትሪ አብርቶ ሴትዮዋን አየ፣
በሌላው ባትሪው የሴትዮዋ ነው።
የቱ? አልኩት።
ሁለቱም፣ አለ።

ታች በር ላይ ኦቦ ዲንቃ አሉ።
ሕንፃው የቆመው ምስር ይዘሩበት በነበረው ማሳ ላይ ነው።
ባለቤት ነበሩ፤ አሁን ዘበኛ ናቸው፣
ያንኑ መሬት ይጠብቃሉ፣ በደሞዝ።
ይህንንም ዐረፍተ ነገር ሕጌ ያለ ምንም ችግር ይቀበለዋል።
ሰዋስው ግፍ አያውቅም፣ ቅርጽ ብቻ።

መክብብ የከባድ መኪና ሹፌር ነው፣ የጋላፊ መንገድ።
አሥራ አንድ ቀን ድምፁ የለም።

መብራት ሄደ።
በዚያው ቅጽበት ስልኬ በራ፣
ከረዳቱ ከሙክታር፣ ሁለት ቃል፦

ባለቤትሽ አለ

ነጥብ የለው፣ ተከታይ የለው።
ሲጠብቅ፣ አለ፤ ይተነፍሳል፣ አንድ ጥላ ሥር ጎማ ላይ ተቀምጧል።
ሲላላ፣ አለ፤ የሆነ ነገር ተናግሯል፣
የተናገረው መንገድ ላይ ቀርቷል፣
መቼ እንደተናገረውም፣ ከዚያ በኋላስ
ሌላ ተናግሮ እንደሆነም…
ፊደላችን የሚጠብቀውን ለይቶ አይጽፍም፣
የሚጠብቅ ሰው ያንብበው ብሎ ይተወዋል።

ደወልኩ። ያቺ የቴሌ ሴትዮ በትሕትና መለሰችኝ።
ደገምኩ። እሷም ደገመች።
ላፕቶፑ ላይ ሁለቱ ዛፎች እንደቆሙ ናቸው፣ ዘጠኝ በመቶ።
የትኛው እንደሚቆረጥ የሚናገር መስመር አልጻፍኩም፣
አይጻፍም መሰለኝ።

ኔትወርክ ፍለጋ ደረጃውን ወረድኩ፣ በስልኬ ብርሃን፣
ሦስተኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ፣ የማንን ጫማ እንደረገጥኩ እንጃ፣
በሩ ጋ ስደርስ የኦቦ ዲንቃ ባትሪ ዐይኔ ላይ በራ።
ዘበኛው ሴትዮዋን በባትሪ አየ፣
ባትሪ የያዘችውን ሴት።
ለአንድ ጊዜ ሁለቱም ዛፍ ልክ ነበር።

«በዚህ ሌሊት? ባለቤትሽ አለ?» አሉኝ።

«አለ» አልኳቸው፣
አጥብቄ።